ሆዴን ባር ባር አለኝ

ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መሆን እፈልጋለሁ ስል ሆለታ ውስጥ የሚመጣልኝ መልስ ያው ነው፦ «የእብድ ሐኪም?» ቀጥሎ ደግሞ «አማኑኤል ልትሠሪ?» አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ለስድብ ቀሎናል። እኔን ወደዚህ ሙያ የሳበኝ ግን እብደት አይደለም፤ ሆድ ነው።

አዎ፣ ሆድ። እኛ ሰፈር «ድብርት ይዞኛል» ብሎ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው አላውቅም። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ውስጤ ይቃጠላል» ነው የሚባለው። ሆለታ ደግሞ በአንድ ቋንቋ ብቻ አይታመምም። በአፋን ኦሮሞም «ገራ» ሆድ ነው፤ ሀዘን ሲበዛ የሚቃጠለውም እሱው ነው። እንዲህ የምትል ሴት ስንቴ የጨጓራ ክኒን ይዛ እንደምትመለስ አስቡት። ለድብርት መለያ በብዙ አገር የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ ቢቀርብላትስ? ባለፉት 2 ሳምንታት ለነገሮች ያላት ፍላጎት ቀንሶ እንደሆነ ይጠይቃታል። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ አበባ እርሻ የምትገባ ሴት «የምን ፍላጎት?» ብትል አልፈርድባትም። መጠይቁ በአማርኛ ተተርጉሞ ተፈትሿል፣ ይጠቅማልም። ግን ከሱ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ።

በታይዋንና በቻይና የሠራው አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አርተር ክላይንማን ታካሚውን መጀመሪያ እንዲህ እንጠይቀው ይል ነበር፦ ችግርህን ምን ብለህ ትጠራዋለህ? ምን ያመጣው ይመስልሃል? ከሕክምናው ምን ትጠብቃለህ? ቀላል ይመስላል አይደል? ወረፋው በር ድረስ በተሰለፈበት ክፍል ግን ይህን ለመጠየቅ ጊዜም ወኔም ይጠይቃል።

«እኛ ባህላችን ራሱ ቴራፒ ነው፣ ቡና አለን እኮ» የሚሉ ፖስቶች አይጥሙኝም። ቡና ላይ ጎረቤት አለ። ጎረቤት እንዲሰማው የማትፈልጉት ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያሳምማችሁ እሱ ነው።

ከባዱ ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። ባህልን ማክበር የት ድረስ ነው? ልጁ መንፈስ እንደያዛት የሚያምን አባት ጠበል ሲወስዳት ምንም አልልም። መድኃኒቱን ካላቋረጠች በጠበል አትሞትም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን አቋርጣ ብትመጣስ? እንጦጦ ላይ ይህ ጥያቄ በኤችአይቪ ዘመን ተነስቶ ነበር። ጠበል ብለው መድኃኒት የተዉ ሰዎች ነበሩና አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያን ቃል ከሐኪም አፍ ቢሰሙት ኖሮ ብዙዎቹ የሚቀበሉት አይመስለኝም። እኔ መሆን የምፈልገው ቄሱን የምትከራከር ሳይሆን ደውላ «አባ፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ይንገሩልኝ» የምትል ባለሙያ ነው።

ሰንሰለት ግን ሌላ ነው። ሰው ታስሮ ሲያድር ባህል ነው ብዬ ዝም አልልም። ሆኖም «ፍቱት!» ብዬ ልሂድ? መጀመሪያ ለምን እንዳሰራት መጠየቅ አለብኝ። ምናልባት ሌሊት ወጥታ መኪና እንዳይገጫት፣ ጅብ እንዳይበላት ነው ይለኛል። መድኃኒቱ እስኪሠራላት ድረስ ሌሊት ማን አብሯት ይነቃል ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት ነገር ሊኖረኝ ይገባል።