ዝም ያለን ሰው መጠየቅ

እ.ኤ.አ. በ2006 የአንጎል ተመራማሪው አድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ በመኪና አደጋ አንጎሏ የተጎዳ አንዲት የ23 ዓመት ሴት ኬምብሪጅ ውስጥ በኤምአርአይ መረመሩ። ሴትዮዋ ዐይኗን ትገልጣለች፣ ትከድናለች፤ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ትነቃለች፤ ሲያዟት ግን ጣቷን እንኳ አታንቀሳቅስም። ሐኪሞቹም ራሷን አታውቅም ብለው ነበር። ማሽኑ ውስጥ ሳለች ቴኒስ እየተጫወትሽ እንደሆነ አስቢ ተባለች፤ ቀጥሎ ደግሞ ቤትሽ ውስጥ ከክፍል ክፍል እየሄድሽ እንደሆነ። በመጀመሪያው ትእዛዝ እንቅስቃሴን የሚያቅደው የአንጎል ክፍል ሠራ፤ በሁለተኛው ቦታን የሚለየው። ጤነኞች ላይ ከታየው የሚለይ አልነበረም።

ማሽኑ ሐሳብ አላየም። ያየው ደም ነው። የአንጎል ሴሎች ሥራ ሲበዛባቸው ኦክስጅን የያዘ ደም ይጎርፍላቸዋል፤ ለውጡም ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ይመዘገባል። ታዲያ ከደም ዝውውር ተነሥቶ «ይህች ሴት አለች» ማለት እንዴት ይቻላል?

ተጠራጣሪዎች ወዲያው ተነሡ፦ ምናልባት «ቴኒስ» የሚለው ቃል ብቻውን፣ ያለ እሷ ፈቃድ፣ አንጎሏን ቀስቅሶት ይሆናል። የኦወን መልስ አጭር ነበር። ምልክቱ ብልጭ ብሎ አልጠፋም፤ እረፊ እስክትባል ድረስ 30 ሰከንድ ያህል ቆየ። ለእኔ የጉዳዩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ቃል ሰምቶ መደንገጥ የማንም አንጎል ይችላል፤ አቁም እስኪባል መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ነገሩ የበለጠ ጠራ። ሌላ ታካሚ፣ እሱም ራሱን አያውቅም የተባለ፣ መልስህ አዎ ከሆነ ቴኒስ፣ አይደለም ከሆነ ቤትህን አስብ ተባለ። ስለ ቤተሰቡና ስለ ሕይወቱ ከተጠየቃቸው 6 ጥያቄዎች 5ቱን በትክክል መለሰ። ቴኒስን ከ«አዎ» ጋር የሚያገናኘው አንዳችም ተፈጥሯዊ ነገር የለም፤ የተገናኙት በስምምነት ብቻ ነው። ውል ተቀብሎ የሚጠብቅ ካለ ደግሞ እዚያ ውስጥ ሰው አለ። እኛስ እርስ በርስ ከዚህ የተሻለ ምን ማስረጃ አለን? የጎረቤቴን ሐሳብ በዐይኔ አይቼ አላውቅም፤ ስጠይቀው ይመልስልኛል፣ አምነዋለሁ። ማሽኑ የሰውዬውን ሆድ አላነበበበትም፤ አንደበት ሆነው እንጂ።

(የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከሰው ራስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው ጀርመናዊው ሃንስ በርገር ሐሳብ ያለ ቃል ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ያገኘው ግን ዛሬ ሐኪሞች የሚጥል በሽታን የሚመረምሩበትን ኢኢጂ ነው። አልከፋም።)

የሚያስቸግረው ማሽኑ ዝም ሲል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ሰፊ ጥናት፣ ሲታዘዙ ምንም ከማያሳዩ 241 ታካሚዎች መካከል 60ዎቹ በኤምአርአይ ወይም በኢኢጂ ሲፈተሹ ትእዛዝ እንደሚከተሉ ታየ። ከአራት አንዱ ማለት ነው፤ ወሬውም በዚህ ቁጥር ተሞላ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። በዚያው ጥናት አልጋቸው ላይ ሆነው በግልጽ ከሚታዘዙ 112 ሰዎች ምርመራው ያገኘው 43ቱን ብቻ ነበር። የቀሩት ዐይናችን እያየ የሚታዘዙ ሰዎች ናቸው፤ ማሽኑ አላያቸውም። ስልክ ጠርቶ ባይነሣ ቤቱ ባዶ ነው አይባልም። ስለዚህ ከ241ዱ መልስ ስላልተገኘባቸው 181 ሰዎች የምናውቀው መልስ አለማግኘታችንን ብቻ ነው። ሕክምና ይቁም አይቁም የሚል ውሳኔ በዚህ ዝምታ ላይ ሲቆም አንድ ሐኪም «ምርመራው ምንም አላሳየም» ይል ይሆናል፤ ቤተሰብ የሚሰማው ግን «ማንም የለም» የሚለውን ነው።

መልስ የሚሰጠውም ቢሆን ከእጃችን አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኦወን ቡድን ካናዳ ውስጥ አንድን ታካሚ ሕመም ይሰማሃል ወይ ብሎ ጠይቆ «አይደለም» የሚል መልስ አገኘ። ትልቅ ነገር ነው፤ ማስታገሻ የሚሰጠው ሐኪም ከታካሚው ከራሱ ሰማ። ሰውዬው ግን ሊናገር የሚችለው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ ያውም በአዎና በአይደለም። መጀመሪያ ስለ ሕመም እንዲጠየቅ የወሰኑት ሌሎች ናቸው፤ እሱ ቢመርጥ ምናልባት የሚያስቀድመው ያ ሬዲዮ ይዘጋልኝ የሚለውን ይሆናል።