ሁልጊዜ ወደ ግራ

በካሊፎርኒያ፣ ላ ካንያዳ ፍሊንትሪጅ በምትባል ከተማ፣ ኦክ ግሮቭ የሚሉት የዲስክ ጎልፍ ሜዳ አለ። በ1975 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ የዚህ ጨዋታ የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ እየተባለ ይጠራል። ተጫዋቹ 21 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያላትን የፕላስቲክ ዲስክ ይወረውራል፤ ካረፈችበት አንስቶ ደግሞ ይወረውራል፤ በመጨረሻም ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ያስገባታል። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ አሸናፊ ነው።

በዚያ ሜዳ አንድ ወጣት ነበረ አሉ። አዲስ ድራይቨር፣ ማለትም ለሩቅ ውርወራ የተሠራ ዲስክ ገዛ፤ ዴስትሮየር የሚባለውን። በላዩ ላይ 12፣ 5፣ -1፣ 3 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። የመጀመሪያው ዲስኩ የሚፈልገውን ፍጥነት፣ ሁለተኛው አየር ላይ የመቆየት አቅሙን ይናገራል። በቀኝ እጁ ከደረቱ አሻግሮ ለሚወረውር ሰው ደግሞ ሦስተኛው ዲስኩ በፍጥነት ላይ ሳለ ምን ያህል ወደ ቀኝ እንደሚሳብ፣ አራተኛው ፍጥነቱ ሲደክም ምን ያህል ወደ ግራ እንደሚያዘነብል ያሳያል። የወጣቱ ልብ ያረፈው 12ቱ ላይ ነበር።

ወረወረ። ዲስኩ ከእጁ ከመውጣቱ ወደ ግራ አዘነበለና ከባሉጥ ዛፍ ጋር ተጋጨ። ደገመ፤ አሁንም ግራ። ብልህ ልጅ ነበርና ዘዴውን ቶሎ አገኘው፤ ወደ ቀኝ አነጣጥሮ ሲወረውር ዲስኩ ወደ ግራ ተመልሶ መሀል ሜዳ ላይ አረፈ። ደስ አለው። «ታማኝ ዲስክ ነው፤ የት እንደሚያርፍ ሁልጊዜ አውቃለሁ» አለ።

አንድ ሽማግሌ ተጫዋች ቆመው ያዩት ነበር። «ልጄ፣ የሚፈልገውን ፍጥነት ስላልሰጠኸው ነው» አሉት። «ፍጥነት ያጣ ድራይቨር ወደ ግራ ከመውደቅ በቀር የሚያውቀው የለም። አሳምረህ ብትወረውረውም ያው ግራ፣ አበላሽተህ ብትወረውረውም ያው ግራ። ታዲያ ስሕተትህን ማን ይንገርህ?»

ከቦርሳቸው አንዲት ያረጀች ፓተር አወጡ። ጠርዟ ወፍራምና ዶልዱም ነው፤ የተሠራችው ለቅርብ ውርወራ ነው። «ሳትንደረደር፣ ቆመህ፣ በዚህች ወርውር» አሉት።

ፓተሯ ከእጁ ስትወጣ ተንቀጠቀጠች። የፊት ጠርዟን ወደ ሰማይ አቅንታ ወጣች፣ አየር ላይ ቀጥ አለች፣ ወደቀች። በሁለተኛው ውርወራ በቀኝ በኩል ተገልብጣ መሬቱን ነካች። ሦስተኛው ከሁለቱም የተለየ ነበር። ወጣቱ ተናደደ፤ «ይህቺስ የተበላሸች ናት» አለ። ሽማግሌው ተቀብለው በዝግታ ወረወሯት፤ በቀጥታ ሄዳ ቅርጫቱ ሥር አረፈች።

ከዚያ እጁን ያዙና ተመለከቱ። አራቱ ጣቶቹ ከጠርዙ በታች ታጥፈዋል፣ አውራ ጣቱ ግን ከላይ ላላ ብሏል፤ የዲስኳ ፊት ቀና የሚለው በዚህ ነው። ሲስብም በደረቱ ፊት በቀጥታ በማለፍ ፈንታ ሰውነቱን እየዞረ ይስባል። «የምትወረውረው በክንድህ ብቻ ነው፤ ወገብህ ቆሞ ያይሃል» አሉት። ድራይቨሩ ይህን ሁሉ ሸፍኖለት ነበር። ዴቭ ደኒፔስ የሚባል ሰው በ1983 እ.ኤ.አ. አየሩን የሚሰነጥቅ ሹል ጠርዝ ያለው ዲስክ ካወጣ ወዲህ ዲስኮች እጅግ ርቀው መብረር ችለዋል፤ ከጠርዙ ጋር ግን ፈጣን እጅ የሚጠይቅ ዕዳም አብሮ መጣ።

ወጣቱ ወራት ሙሉ በፓተር ወረወረ፤ መንቀጥቀጧ እስኪቆም። ከዚያ ድራይቨሩን አነሣ። ዲስኩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ሳብ አለ፣ ረጅም መንገድ ተንሳፈፈ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ግራ ተመለሰ። -1 የምትለዋ ቁጥር የምትናገረውን በዐይኑ ያየው ያን ቀን ነው።

ይህን ምሳሌ ያነሣሁት ስለ ልጆቻችን ንባብ ነው። መጽሐፉን ገልጦ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አስኬዶ፣ ገጹን ያለ አንዳች እንከን የሚወጣ ልጅ በየቤቱ አለ። ዐይኑን ብታዩት ግን መጽሐፉ ላይ አይደለም። የሸመደደው ገጽ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያርፋል፤ አስተማሪውም ወላጁም ደስ ይላቸዋል። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ግን ብዙ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳቃታቸው ታይቷል። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ጉድለታቸውን የሚያሳይ ነገር በጊዜ አልተሰጣቸውም።

የአብነት ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ያውቁት ነበር። ልጁ ሀ ሁን በዜማ ከወጣ በኋላ አቡጊዳ ይሰጡታል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ይለወጣል። የለመደው ዜማ እዚህ አይረዳውም፤ ፊደሏን በመልኳ ማወቅ አለበት። ይህ ጥበብ በእጃችን ሳለ በሽምደዳ መደሰታችን ያሳዝነኛል። በቃል መያዝን አልንቅም፤ ዳዊት በቃል የሚደግም ልጅ ትልቅ ሀብት ይዟል። በንባብ ፋንታ ሲገባ ግን ልጁን ይጎዳል።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ አይቶት የማያውቀውን አጭርና ቀላል ገጽ ስጡት። ቢደናቀፍ አትቆጡት፣ አንብባችሁም አታቀብሉት። የተደናቀፈባትን ፊደል ያዙና ከእሷ ጀምሩ።