የማን ግንብ ነው?

የዘጠኝ ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ የመካከለኛውን ዘመን ግንብ በካርቶን ሠርተህ አምጣ ተብሎ ከትምህርት ቤት መጣ። በእንግሊዝ አገር የሚገኘውን የሮቸስተር ግንብ መረጥን። አብረን ለካን፣ ቆረጥን፣ አጣበቅን። እርሱ የሠራው አንዱ ማማ ግን ተንጋደደ። ሌሊት ከተኛ በኋላ ነቅዬ ጣልሁትና ቀጥ ያለ ተከልሁበት። ጠዋት አይቶ፣ “አሁን ያንተ ሆነ” አለኝ።

ወዳጆቼ፣ ይህ ፍቅር ነበር ወይስ ስርቆት? እውነቱን ልንገራችሁ፤ የተጨነቅሁት ለእርሱ ውጤት አልነበረም። “ወንድሙ አግዞት እንዲህ?” እንዳይባል ፈርቼ ነው።

ገላትያ ምዕራፍ 6 አንዳችን የሌላውን ሸክም እንድንሸከም ያዘናል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን እንደሚሸከም ይናገራል። ሁለቱ አይጣሉም። መቀሱ ሲከብደው ካርቶኑን መያዝ ማገዝ ነው። ስሙ በሚጻፍበት ሥራ ላይ የእርሱን እጅ በእኔ እጅ መተካት ግን ለመምህሩ ውሸት፣ ለልጁም “አትችልም” የሚል ስብከት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1215 ንጉሥ ጆን ሮቸስተርን ከብቦ ከማዕዘኑ ሥር አስቆፈረ፤ የጉድጓዱን ድጋፍ እንጨት በ40 አሳማዎች ስብ አቃጠለው፤ ማዕዘኑም ተናደ። በኋላ ሲጠገን ክብ ሆኖ ተሠራ። እስከ ዛሬ ሦስቱ ማማዎች ባለ አራት ማዕዘን፣ አንዱ ክብ ነው። አለመመሳሰሉ ግንብነቱን አላስቀረውም።

ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት። ማማውን ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቶ፣ እንደ ተንጋደደ መለሰው። እናንተስ፣ የማንን ማማ ነቅላችኋል?