የጊች ጸጥታና ጀማሪው የሙዚቃ ደራሲ

አምቢየንት የተባለው የሙዚቃ ዓይነት ለጀማሪ የሚቀል ይመስላል። ዜማ ማውጣትን፣ ምት መጠበቅን፣ ግጥም መግጠምን አይጠይቅም። እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ለአውሮፕላን ማረፊያ በደረሰው ሥራ ስያሜውን ሲያስለምድ፣ የፈለገ ሊያዳምጠው፣ ያልፈለገም ችላ ሊለው የሚችል ሙዚቃ መሆኑን ገልጾ ነበር። አሠራሩም አያስቸግርም። የ17 ሴኮንድና የ21 ሴኮንድ ርዝመት ያላቸው ሁለት ቅጂዎች ያለማቋረጥ እየተደጋገሙ አብረው ቢሰሙ፣ እንደ መነሻቸው እንደገና የሚገጥሙት ከ357 ሴኮንድ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ማንም ያላቀደው ቅንብር ይወለዳል። በገና ሲደረደር እየሰማ ያደገ ጆሮም ለዚህ ዓይነቱ ዝግታ እንግዳ አይሆንም።

ችግሩ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። አንድ ጀማሪ ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው ወደ ጊች ወጥቶ ድምፅ ይቀርጻል እንበል። የሚያገኘው በጅብራው መካከል የሚያልፈውን ነፋስ፣ ሣር የሚነጩ ጭላዶችን ጉርምርምታና የቁራ ጩኸት ነው። ይህን አቀናብሮ «የጊች ጸጥታ» ብሎ ቢሰይመው ሐሰት ተናገረ ሊባል ይችላልን?

የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኢኖ ሥራ በወጣበት በዚያው በ1978 ነበር። ያን ጊዜ ጊች መንደር ነበረች፤ ገብስ የሚታረስባት፣ ከብት የሚነዳባት፣ አዛን የሚሰማባት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ከመንደሯ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በተከታዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። እርሻውና ግጦሹ የዋልያውን መኖሪያ ማጥበባቸው አይካድም፤ የውሳኔው ፍትሐዊነት ደግሞ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ለሙዚቃ ደራሲው ግን ቁም ነገሩ፣ ዛሬ ማይክሮፎኑ የሚቀዳው ጸጥታ በሰው እጅ የተበጀ፣ ዕድሜውም አጭር መሆኑ ነው።

«ሙዚቃ የታሪክ መዝገብ አይደለም» የሚል መልስ ይሰነዘር ይሆናል። የቦታ ስም ሳይጠራ ለሚቀርብ ድምፅ ይህ መልስ ይበቃል፤ ነፋስ ስለ ማንም አይመሰክርም። የጊች ስም ከርእሱ ላይ ሲሰፍር ግን ሰው አልባነቷ የተፈጥሮ ባሕርይዋ መስሎ ከአድማጩ ጆሮ ይገባል። አምቢየንት ጥያቄ የማያስነሣ ሙዚቃ በመሆኑም፣ ስሕተቱ ከዘፈን ይልቅ በዚህ በቀላሉ ይሰርጻል።

ከሌላ ስፍራ የተቀዳ ዋሽንት ወይም አዛን መለጠፍ የባሰ ነው፤ ለጌጥ ብቻ የሚገባ ዋሽንት እንደሆነ በየቅንብሩ በዝቷል። የቀድሞዎቹ የጊች ነዋሪዎች ሩቅ አልሄዱም፤ ደባርቅ ናቸው። በየትኛው ሰዓት ምን ድምፅ ይሰማ እንደ ነበር፣ የእነርሱም ድምፅ ከሙዚቃው እንዲገባ ይፈቅዱ እንደ ሆነ መጠየቅ ይቻላል።