«ከፍያለሁ» ስለ ማለት

ሰው በገንዘቡ የገዛውን ነገር እንደ ወደደ ሊያደርገው ይችላል ይባላል። ጫማ የገዛ ጫማውን ይጫማል፤ እንጀራ የገዛ እንጀራውን ይበላል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ዳሩ ግን ሰው አገር ለማየት ገንዘብ በከፈለ ጊዜ የገዛው ነገር ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከስሪ ላንካ ተራራ ይዤው የመጣሁት ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህች ደሴት ከህንድ በስተ ደቡብ የምትገኝ ስትሆን እስከ 1972 ዓ.ም. ሲሎን ትባል ነበር። (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ለእኛም ፈጽማ ባዕድ አይደለችም፤ በ6ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ከአዱሊስ ወደብ የተነሡ ሰዎች ወደ እርስዋ ይሻገሩ እንደ ነበር ይነግረናል። እነዚያ የሄዱት ሊሸጡና ሊገዙ ነው። እኔ የሄድሁት ለማየት ብቻ ነው።

ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰብን አሥራ አራት ሰዎች ነበርን፤ በአንድ ትንሽ አውቶቡስ ተሳፍረን አንድ አስጎብኚ ይመራናል። ተነሡ ሲለን እንነሣለን፤ እዩ ሲለን እናያለን፤ የምንበላበትና የምንተኛበት ስፍራ ሁሉ አስቀድሞ ተጽፏል። ሰው ወደ ሕፃንነቱ የተመለሰ ይመስለዋል። አልዋሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አስቀድሞ ወደ ሲጊሪያ ወሰደን። ሲጊሪያ በሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ፣ ቁመቱ ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ አለት ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት ካሽያፓ የተባለው ንጉሥ አባቱን ገድሎ ዙፋኑን ከያዘ በኋላ፣ የሸሸው ወንድሙ ተመልሶ እንዳይበቀለው ፈርቶ ቤተ መንግሥቱን በዚህ አለት ራስ ላይ ሠራ። በአለቱም ወገብ ላይ የሴቶች ሥዕል አለ፤ ከሥሩ እንደ መስታወት በተለሰነው ግንብ ላይ ደግሞ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የመጡ ጎብኚዎች ግጥም ጭረው ጽፈዋል። ፓራናቪታና የተባለው የአገሩ ሊቅ ከእነዚህ ግጥሞች 685ቱን በ1956 አሳተማቸው። ከግጥሞቹም አንዳንዶቹ እነዚያ ቆንጆዎች ቃል አይመልሱም እያሉ ያማርራሉ። እንግዲህ ለማየት ብቻ መጓዝ የኛ ዘመን ፈሊጥ አይደለም ማለት ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ ሥዕሎቹን ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነበር፤ ዘበኛም ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ይህን ነገር አስታውሱልኝ።

በካንዲ ጫማችንን አውልቀን የቡድሃ ጥርስ ተቀምጦበታል ወደሚባለው ቤተ መቅደስ ገባን፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማ ማውለቅን ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ከዚያም ወደ ደጋው፣ ወደ ኑዋራ ኤሊያ ወጣን። በዚያ ተራራ ቀድሞ ይለማ የነበረው ቡና ነበር። በ1869 የታየው የቅጠል በሽታ ቡናውን ቀስ በቀስ ፈጀውና በምትኩ ሻይ ተተከለ። ለእርሻው ሥራ ከደቡብ ህንድ የመጡት ታሚሎች ግን በዚያው ቀሩ። አገሪቱ ነፃ በወጣችበት በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ አብዛኞቹን አገር አልባ አደረጋቸው፤ የመጨረሻዎቹ መብታቸውን ያገኙት በ2003 በወጣ ሕግ ነው። ይህን ያነበብሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው። በዚያን ቀን የማውቀው ቅጠሉ አረንጓዴ መሆኑን ብቻ ነበር።

አውቶቡሱ ከእርሻው ዳር ቆመ። እናቴን የሚያህሉ ሴት የጆንያቸውን ማንገቻ በራሳቸው ላይ አድርገው ቅጠል ይቀጥፋሉ። አስጎብኚው ጠራቸውና መጥተው ቆሙ። አሥራ አራታችንም ተራ በተራ ከአጠገባቸው እየቆምን ፎቶግራፍ ተነሣን። የእኔ ስላልጠራ «እንደ ገና» አልሁ። በዚህ መካከል ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ዘወር ብለው ባልንጀሮቻቸውን አዩ። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ የተቀጠፈው ቅጠል ይመዘናል፤ ለሙሉ የቀን ደመወዝ ብዙ ጊዜ 18 ኪሎ ያህል ይጠበቃል፤ ሚዛኑ ሲጎድል ገንዘቡም ይጎድላል። አስጎብኚው ጥቂት ብር ሰጣቸው። ከእኛ አንዱ ሊጨምርላቸው ሲል ሌላው «ተወው፤ ሁሉም በዋጋው ውስጥ ተከፍሏል» አለው። የእኔም እጅ ከኪሴ ባዶዋን ወጣች።

የከፈልነው ለምን ነበር? ለአውቶቡሱ ወንበር፣ ለአልጋው፣ ለምሳው፣ ለመሪው ድካም ነው። የሴትዮዋ ፊት በየትኛው መስመር ላይ ተጽፎ ነበር? በቀለም ለተሣሉት ሴቶች ዘበኛ ቆሞላቸዋል፤ ነፍስ ላላቸው ሴት ግን ማንም አልቆመላቸውም።

በልጅነቴ ላሊበላ ሄደን ሳለ፣ አያቴ ከግድግዳው ተጠግተው ሲጸልዩ አንድ የውጭ አገር ሰው ፎቶግራፍ ሊያነሣቸው ቀረበ። አያቴ ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እኔ ግን በሰውየው ላይ የያዝሁት ቂም ብዙ ዓመት ቆየ። ያም ሰው ከፍሎ የመጣ ነበር።

እንግዲያስ ከቤትህ አትውጣ የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አስጎብኚያችን በዚህ አይስማማም። በ2019 በፋሲካ ቀን በአብያተ ክርስቲያናትና በሆቴሎች ቦምብ ሲፈነዳ፣ በ2020 ወረርሽኝ ሲመጣ፣ በ2022 ነዳጅ ሲታጣ እንግዳ ቀረበትና መኪናውን ሸጦ ልጆቹን እንዳበላ ነግሮናል። መሄዱ በደል አይደለም። ደግሞም ሴትዮዋን የጠራቸው እርሱ ነውና ጥፋቱ የመሪው ነው ማለት ለእኔ ይቀለኝ ነበር። እርሱ የመራው እግሬን ነው፤ «እንደ ገና» ያለው አፍ የራሴ ነው። ይፈቅዱ እንደ ሆነ ልጠይቃቸው፣ ባይፈቅዱም ልመለስ እችል ነበር፤ ይህን ለማድረግ ቋንቋቸውን ማወቅ እንኳ አያስፈልግም።

ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ አለኝ። ሁለተኛው በእርግጥ ጠርቶ ወጥቷል፤ በእርሱ ላይ እኔ እስቃለሁ፤ ሴትዮዋ ግን ወደ ባልንጀሮቻቸው ዘወር እንዳሉ ናቸው።