አደራ ያልበላው አገልጋይ

ባለፈው ዓመት ወጣቶችን በማስተምርበት ክፍል አንዲት እህት እጇን አውጥታ፣ “አሥራት የሚሰላው ከጠቅላላው ደመወዝ ነው ወይስ እጅ ላይ ከሚደርሰው?” ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ ከጀመረች ገና ሦስተኛ ወሯ ነበር። ደመወዝ መቀበል የጀመራችሁ ሁሉ ጥያቄው ይገባችኋል፤ ግብሩና 7 ከመቶው የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ፣ የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው ደመወዝና ባንክ የሚገባው ደመወዝ አይተዋወቁም። እኔም ሳላመነታ “ከጠቅላላው” አልኳት። ሁለት ሦስት ሰው “አሜን” አለ፤ ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍኩ።

ትምህርቱ ሲያልቅ በር ላይ ጠበቀችኝ። በሁለቱ ስሌት መካከል ያለው ልዩነት ለታናሽ ወንድሟ ለትምህርት ቤት መመላለሻ የምትልከው ገንዘብ መሆኑን የነገረችኝ ያኔ ነው። አልተከራከረችኝም። “እሺ መምህር፣ ጌታ ይባርክህ” ብላ ሄደች። እኔ ግን ወደ ቤት እየሄድኩ መልሴ ከበደኝ። እርሷ የጠየቀችኝ ከመቶኛ የሚቀድም ነገር ነበር። ከእግዚአብሔር የተቀበልነውን ለእርሱ ስንሰጥ የምናደርገው ምንድን ነው? ዕዳ እየከፈልን ነው ወይስ እያመሰገንን? ዕዳ ከሆነ ትክክለኛውን ቁጥር ማወቅ የግድ ነው። ምስጋና ከሆነስ?

በእኛ ባህል ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም። “ውለታ” የሚለው ቃላችን ምስጋናንና ዕዳን በአንድ ጣራ ሥር ያኖራቸዋል። “ውለታ ዋለልኝ” ስንል ደስታችንን እንናገራለን፤ “የእገሌ ውለታ አለብኝ” ስንል ደግሞ ሸክማችንን። ውለታ ቢስ መባል የማይፈራ ሰው አላውቅም። ውለታውን እየቆጠረ የሚያስታውስ ዘመድ ያለውም ሰው፣ የተሰጠ ነገር እንዴት አንገት ላይ እንደሚታሰር ያውቃል። ይህንን ይዘን ነው ቤተ ክርስቲያን የምንገባው። ሰባኪው “ጌታ ይህን ሁሉ አድርጎልህ አንተ ምን አደረግህለት?” ሲል ብዙዎቻችን የምንሰማው የዚያን ዘመድ ድምፅ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ ዓረብ አገር የሰው ቤት እየሠራች። በየወሩ የምትልክልኝን እያንዳንዱን ብር ከነቀኑ ማስታወሻ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ተመርቄ ሥራ እንደያዝኩ ከመጀመሪያው ደመወዜ ጀምሮ መመለስ ጀመርኩ። በስሟ የተከፈተ የባንክ ደብተር ስለነበረ እዚያ አስገባለሁ፣ ከማስታወሻዬ ላይ እሰርዛለሁ። ኩራት ይሰማኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የደብተሩ መጨረሻ የሚናፍቀኝ ለእርሷ ብዬ አልነበረም። ሲያልቅ ነፃ ሰው እሆናለሁ ብዬ ነው። በስድስተኛው ወር ደወለች።

“አንተ ልጅ፣ እኔ ባንክ ነኝ እንዴ?”

የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። እርሷ ግን ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። “ያበደርኩህ መሰለህ?” አለች። ከዚያ ደግሞ፣ “ትንሹ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሒሳብ አስቸግሮታል ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ ደብተሩን ከፍተህ አይተህለታል?”

አላየሁለትም ነበር። እናታችን ቤት የምሄደው ለበዓል ብቻ ነበር፤ ለእህቴም ከምደውልላት ይልቅ የባንክ ደረሰኙን ፎቶ አንሥቼ መላክ ይቀናኝ ነበር።

ያን ሰሞን ማቴዎስ 25ን ስከፍት፣ የመክሊቱን ምሳሌ ያለ ቦታው ስሰብክ እንደኖርኩ ተሰማኝ። ሦስተኛውን አገልጋይ እስኪ ደግማችሁ ተመልከቱት። በእኛ አገር ከስድብ ሁሉ ከባድ የሆነው “አደራ በላ” ነው። ይህ ሰው ግን አደራ አልበላም። አልሰረቀም፣ እንደ ጠፋው ልጅ አልበተነም፣ የሐሰት ሰነድ አላዘጋጀም። በአይሁድ መምህራን ዘንድ እንኳ የሰውን ገንዘብ መሬት ውስጥ መቅበር አስተማማኝ አጠባበቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። የመንደራችን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉዳዩን ቢያዩለት “የሰው ገንዘብ ሳያጎድል መለሰ” ብለው መርቀው ይሸኙት ነበር። ጌታው ግን ክፉና ሰነፍ አለው። ለምን?

መልሱ ያለው አገልጋዩ ስለ ጌታው በተናገረው ላይ ይመስለኛል። ጨካኝ ሰው እንደሆነ፣ ካልዘራበት እንደሚያጭድ አውቃለሁ አለ። እንግዲህ ቁጥሩን እናስላ። አንድ መክሊት ወደ 6000 ዲናር ገደማ ነው፤ በማቴዎስ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው አንድ መክሊት ለማግኘት 20 ዓመት ይፈጅበታል። (“እኔ የተሰጠኝ አንድ መክሊት ብቻ ነው” እያላችሁ የምታዝኑ ልብ በሉ፤ እኔም በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ለመጸለይ የሚቀድመኝ አልነበረም።) ካልዘራበት ያጭዳል የተባለው ጌታ የሃያ ዓመት ደመወዝ በዚህ ሰው እጅ ላይ ዘርቷል! ሰውየው ግን ስጦታውን እንደ ወጥመድ ስላየው ሳይነካው ቀበረው። በመጨረሻም “እነሆ ገንዘብህ” ዓይነት ነገር ብሎ ሒሳቡን ዘግቶ ሊሰናበት ፈለገ። የእኔ ማስታወሻ ደብተርም ከዚያ ጉድጓድ የተለየ አልነበረም። እርሱ እስኪጠየቅ ቀበረ፣ እኔ ሳልጠየቅ ከፈልኩ፤ የሁለታችንም ፍላጎት ግን ከሰጪው ጋር መፋታት ነበር።

“ጌታውም ቢሆን ሒሳብ ተሳስቧል እኮ” ትሉኝ ይሆናል። አዎን ተሳስቧል። ምስጋና ተጠያቂነትን አያስቀርም፤ ጳውሎስም በመጋቢ ዘንድ የሚፈለገው ታማኝነት እንደሆነ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ነገር ግን ከሒሳቡ በኋላ የሆነውን አስተውሉ። የሁለቱን አገልጋዮች መክሊት ጌታው መልሶ ወሰደው የሚል ቃል የለም። እንዲያውም የሦስተኛው መክሊት የሚሰጠው “አሥር መክሊት ላለው” ነው፤ አሥሩ አሁንም በእጁ ናቸው ማለት ነው። ብድር እንዲህ አይደለም። ጌታው የፈለገው ገንዘቡን ቢሆን ኖሮ ተቀብሎ ይሸኛቸው ነበር፤ እርሱ ግን ወደ ደስታው ጠራቸው።

ታዲያ ምስጋናው ወደ ማን ይሂድ? እግዚአብሔር እንደማይራብ፣ ቢራብም ለእኛ እንደማይነግረን በመዝሙር ተጽፏል። ዘዳግም 26 ላይ ያለውን ገበሬ ተከተሉት። የመጀመሪያውን ፍሬ በእንቅብ ይዞ ይመጣል። ከመስጠቱ በፊት ታሪክ ይናገራል፦ ተቅበዝባዥ አባት፣ የግብፅ ባርነት፣ ጩኸት፣ መውጣት፣ ምድር። እንቅቡን አኑሮ ይሰግዳል። ሥርዓቱ እዚያ ላይ አያልቅም፤ ርስት ከሌለው ሌዋዊና ከመጻተኛው ጋር አብሮ ደስ እንዲለው ይታዘዛል። በሦስተኛው ዓመትም አሥራቱ ሌዋዊውን፣ መጻተኛውን፣ ድሀ አደጉንና መበለቲቱን ያጠግባል። ወደ ላይ የቀረበው ወደ ጎን ይሄዳል። “መጋቢ” የሚለው የአማርኛ ቃላችንም ይህን ደብቆ ይዞልናል፤ ከ“ምግብ” ጋር አንድ ሥር ነው። በሉቃስ 12 ጌታ የሚሾመው ልባም መጋቢ ሥራው ለቤተ ሰዎቹ ምግባቸውን በጊዜው መስጠት ነው። ቁልፍ መያዝ ብቻ አልነበረም።

በነገራችን ላይ፣ “አንድ ሺህ ዝራ፣ መቶ ሺህ ታጭዳለህ” የሚለው ትምህርት በየመድረኩ ሲሰማ ዝም ማለት አልወድም። ዕዳ ከመክፈል የባሰ ነው። ዕዳ ከፋይ ቢያንስ መቀበሉን ያምናል፤ ይህኛው ግን የተቀበለውን ረስቶ እግዚአብሔርን ለማበደር ይነሣል።

ምስጋና ነው ስል ግን ቅናሽ እየፈለግሁላችሁ አይደለም። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ያሉት የመቄዶንያ አማኞች በድህነታቸው መካከል ከዓቅማቸው በላይ ሰጡ፤ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን በሚደረገው እርዳታ እንዲካፈሉ የለመኑትም ራሳቸው ናቸው። ጳውሎስ በዚያው ምዕራፍ እንደ ትእዛዝ እንዳልተናገረ፣ ስጦታም የሚወደደው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ ይጽፋል። ማዘዝ ሲችል አለማዘዙ ይገርመኛል። ያመሰገነ ሰው አንዳንድ ጊዜ ከተጠየቀው ይበልጣል፤ ያንን ደግሞ በቀመር ማስወጣት አይቻልም።

ደመወዝ የሌላችሁም በዚህ ውስጥ አላችሁ። ጊዜያችሁ፣ ጉልበታችሁ፣ የተማራችሁት ትምህርት አለ። ለትንሹ ወንድሜ የጎደለው ብር አልነበረም፤ ቅዳሜ ከሰዓት አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

ያቺን እህት በሚቀጥለው እሑድ ፈልጌ አገኘኋትና ቸኩዬ እንደመለስኩላት ነገርኳት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ማርቆስ 7ን አብረን አነበብን፤ ለአባትና ለእናት የሚገባውን “ቍርባን ነው” ብለው የከለከሉትን ሰዎች ጌታ እንዴት እንደገሠጻቸው። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ በፊት ይህን ክፍል ስለ ፈሪሳውያን ብቻ እንደሆነ አድርጌ ነበር የማነበው። ስለ ወንድሟ ጠየቅኋት፤ ጎበዝ ተማሪ እንደሆነ፣ መሐንዲስ መሆን እንደሚፈልግ በሰፊው አወራችኝ። አሥራቷን ከየትኛው አሐዝ ለማስላት እንደወሰነች አልጠየቅኋትም፤ እርሷም አልነገረችኝም።

ባለፈው ወር እህቴ ደውላ ነበር። ትንሹ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። የሒሳብ ውጤቱን ጠየቀችኝና ነገርኳት፤ ሳቀች። ከዚያ እርሱ ስልኩን ነጠቀኝና ሁለቱ ግማሽ ሰዓት አወሩ። ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሣም።