በምንጩ ዳር የተጠየቁት

በአንድ አገር፣ በገበያ መንገድ ዳር፣ ጥሩ ምንጭ ነበረ። ውኃው በነጻ ይቀዳል፤ ጠባቂው ግን መተዳደሪያ ያሻዋል። አንድ የጨው ነጋዴ መጣና፣ «ውኃ ሊቀዳ የመጣውን ሁሉ የትኛው አሞሌ እንደሚሻለው ጠይቅልኝ፤ በመልስ በመልሱ እከፍልሃለሁ» አለው። ተስማሙ። የመጣው ይመልሳል፣ ይቀዳል፣ ይሄዳል። ነጋዴው ገበያውን አወቀ፤ ጠባቂው እንጀራውን በላ።

ይህን ያየ አንድ መርማሪ ሌላ ነገር አሰበ። በዚያ አገር በወንዙ ላይ ለሚሠራ ድልድይ ግብር ይጨመር አይጨመር የሚል ክርክር ነበር። መርማሪው አነጋገር ሲለወጥ የሰው ሐሳብም ይለወጥ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ነጭና ጥቁር ጠጠር እኩል አድርጎ በማሰሮ ጨመረ። ጠባቂውን፣ «ሰው በመጣ ቁጥር ሳታይ አንድ አውጣ። ነጭ ከሆነ፣ ‹ለድልድይ ግብር ይጨመር?› በል። ጥቁር ከሆነ፣ ‹ጎርፍ ልጆቻችንን እንዳይወስድ ለድልድይ ግብር ይጨመር?› በል» አለና ዋርካ ሥር ተቀመጠ።

ከመጪዎቹ አንዳንዱ ጥም ይዞት ጥያቄው ሳያልቅ፣ «ይጨመር፣ ይጨመር! አሳልፈኝ» ይል ነበር።

ቀትር ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር እንስራ አዝላ መጣች። ጠባቂው እጁን ሰደደ፤ ጥቁር ወጣ። ሴትዮዋን አየ፤ ጠጠሩን አየ። በዚያ ፀሐይ አቁሞ ረጅሙን ጥያቄ ሊያሰማት አንጀቱ አልቻለም። ጠጠሩን መለሰ፤ ወደ ማሰሮው አጎነበሰ፤ ነጩን ፈልጎ አወጣ።

መርማሪው ከዋርካው ሥር ተነሣ። አልተቆጣም። ነጠላውን ከትከሻው አወረደ፣ የማሰሮውን አፍ ሸፍኖ ጥብቅ አድርጎ አሰረ፣ እጅ ብቻ የምታስገባ ክፍተት ተወ።

«ወንድሜ፣ ማዘንህ ደግ ነው» አለው። «ግን የደከመውን ሁሉ ወደ አጭሩ ጥያቄ ከሰደድከው፣ ማታ መልሱ ሲለያይ፣ የለየው ጥያቄው ይሁን ድካሙ በምን አውቃለሁ?»

ማታ ቆጠሩ። በጥቁሩ ጠጠር በኩል «ይጨመር» ያለው በዛ። ወሬው ለአገረ ገዥው ደረሰ። «እንግዲያው ሕዝቡ ድልድይ ይፈልጋል! ነጋሪት ይጎሰም!» አለ።

መርማሪው እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ እኔ ያወቅሁት ጥያቄው ሲለወጥ መልሱ መለወጡን ነው። የአገሩን ሐሳብ አልለካሁም። በግቢው ጉድጓድ ያለው ሰው ወደ ምንጩ አይመጣም። ከወንዝ ማዶ ካሉትም አንድ ሰው አልጠየቅንም።»

«እነሱስ ለምን አይመጡም?»

«ድልድይ የለማ፣ ጌታዬ።»

እንዲህ ያለ ምንጭ በእኛ ዘመንም ነበር፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2012 «ጉግል ኮንሱመር ሰርቬይስ» የተባለ አገልግሎት በአሜሪካ ጀመረ። በድረ ገጽ ዜና የሚያነብ ሰው ጽሑፉ ይሸፈንበት፣ ጥያቄ ሲመልስ ይገለጥለት ነበር። ጠያቂው ለአንድ ጥያቄ መልስ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ የድረ ገጹ ባለቤትም ድርሻውን ያገኝ ነበር። የተሠራው ለገበያ ጥናት ነበር፤ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች ግን በጥቂት ገንዘብ ብዙ መልስ ስለሚያስገኝ ለሙከራ ተጠቀሙበት። አገልግሎቱ በ2022 ቢዘጋም፣ ለነጋዴ በተሠራ መጠይቅ የፖለቲካ ሐሳብን መፈተን አልቀረም።

በእንዲህ ያለ ሙከራ የትኛው ጥያቄ ለማን እንደሚደርስ ዕጣውን ኮምፒውተር ስለሚያወጣ የሚያዳላ እጅ የለም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመላሹ ዕድሜና ጾታ ግን ቀድሞ ከጎበኛቸው ገጾች ይገመት ነበር፤ ባልና ሚስት በአንድ ኮምፒውተር ሲጠቀሙ ግምቱ ማንን ይዞ እንደሚቀር አይታወቅም። «አነጋገሩ ወጣቶችን ይበልጥ ነካ» የሚል ድምዳሜ በእንዲህ ያለ ግምት ላይ ሲቆም ያሳስበኛል።

ጥድፊያው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንባቢው የመጣው ለዜናው ነው። ጥያቄውን ሳያነብ አንዱን መልስ ነክቶ የሚያልፈው ከበዛ፣ ሁለቱ ወገኖች ይመሳሰላሉ፤ ተመራማሪውም «አነጋገር ለውጥ አያመጣም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ጥያቄው በእርግጥ መነበቡን ለማወቅ ሌላ ጥያቄ መጨመር ያስፈልጋል፤ በ10 ሳንቲም የሚገኘው ግን የአንዱ መልስ ብቻ ነበር።